የመምሬ ቀናው መልስ ቁጥር ዐሥራ አንድ

መልስ ሳይሰጥ የማያድር ሰው የሌለበት ሰፈር ሰፈር አይባልም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ዕድር ላይ ሊቀመንበሩ «ስብሰባው አልቋል» ሲል «አንድ ነገር ብቻ» ብሎ የሚነሳው እሱ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ሁለት ሰዎች ስለ ዝናቡ ሲያወሩ ከኋላ ወንበር አንገቱን አስግጎ የሚያርማቸው እሱ ነው። ለቅሶ ቤት ሄዶ ሟቹ በስንት ዓመታቸው እንዳረፉ ከሟቹ የበኩር ልጅ ጋር የሚከራከረውም እሱ ነው። ሌላው ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው አንድ ይበቃዋል። እኛ አቃቂ በሰቃዎች ግን ሁለት ነበሩን፤ ያውም እርስ በርሳቸው የሚመላለሱ።

የመጀመሪያው ሊቀ መልስ፣ መጋቤ ሙግት፣ ርእሰ ተከራካርያን ቄስ ቀናው ነበሩ። ማዕረጎቹን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ቤተ ክህነት አታውቃቸውም። ሰፈሩ በአጭሩ መምሬ ይላቸዋል። ቁመታቸው አጠር፣ ጥምጣማቸው ከፍ ያለ ነው፤ ጥቁር ጃንጥላቸው ክረምት ከበጋ ከእጃቸው አይለይም። ሰው ጥያቄውን ሳይጨርስ ጃንጥላቸውን መሬት ላይ ተከል ያደርጉና «ለዚህም መልስ አለው» ይላሉ። ስለ ሥላሴ ብትጠይቋቸውም፣ አውቶቡሱ ለምን እንደዘገየ ብትጠይቋቸውም ያው ነው።

ሁለተኛው ደበላ ጉተማ ነው። እኔ ታይፒስት በነበርኩበት ፋብሪካ የፈትል ክፍል መካኒክ ነበር። ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ እጁ ሁልጊዜ ግሪስ የነካው ሰው ነው። አብዮቱ በፈነዳ ማግስት ወደ ጴንጤዎቹ ሄደ። የሱ አነጋገር ደግሞ «የት ተጽፏል?» ነው። ጾም ቢሉት የት ተጽፏል፤ ታቦት ቢሉት የት ተጽፏል። አንድ ጊዜ ፎርማኑ ዘይት እንዲቀይር ቢያዘው እንኳ «የት ተጽፏል?» ብሎ የማሽኑን መጽሐፍ አስወጥቶ፣ ገጹን አይቶ፣ ከዚያ ነው የቀየረው። ፎርማኑ እስኪሞት አልረሳለትም።

የሁለቱ ነገር የተጀመረው በጨዋነት ነው። እንደምታውቁት በኛ ወግ ሰው ከንስሐ አባቱ ዝም ብሎ አይሄድም። ሀገር ቢለቅ እንኳ መጥቶ «ያሰናብቱኝ» ይላል፤ አባትየው መርቀው ለሌላ አባት ይሰጡታል። እስኪያሰናብቱት ድረስ የነፍሱ ዕዳ በሳቸው ላይ ነው። ደበላ እምነቱን ቢለውጥም አስተዳደጉን አልለወጠምና፣ አንድ እሑድ ጠዋት ከመምሬ ደጅ ቆሞ ከእንግዲህ የንስሐ ልጅዎ አይደለሁምና ያሰናብቱኝ አላቸው።

መምሬ ለማን እንደሚያስረክቡት ጠየቁት። እሱም ለጌታ አላቸው። ጌታ የላካቸው እሳቸውን መሆኑን፣ እሱን ግን ማን ቀብቶ፣ ማን ሾሞ፣ እጁን ማን ጭኖበት በሰው ፊት ቆሞ እንደሚሰብክ ጠየቁት። ደበላም አንድ ሰው ለመስበክ የግድ ጳጳስ እጁን ይጫንበት የሚለው የት ተጽፏል አለ። መምሬ ጃንጥላቸውን ተከሉ። ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ነበር ይላሉ ያዩ ሰዎች፤ ደበላ ወደ ቤቱ የሄደው ከቀትር በኋላ ነው። አልተሰናበተም። በዓመቱ ተመልሶ ጠየቀ፤ አሁንም አልተሰናበተም። እንዲህ ሰባት ዓመት ሄደ።

መምሬ ችግራቸው አንድ ነበር። እሑድ እሑድ የሚሰብኩት ለደበላ ነው፤ ደበላ ግን ቤተ ክርስቲያን አይመጣም። ያልበደለው ምእመን ተቀምጦ የደበላን ስድብ ይቀበላል። ስለዚህ ስብከቱ ይታተም ብለው ቆረጡ። አንድ ቀን ጽሕፈት ቤቴ ድረስ መጡና «አቻምየለሽ ልጄ፣ ነፍስ የሚያድን ሥራ አምጥቼልሻለሁ» አሉኝ። ነፍስ የሚያድነው ሥራ በደቃቅ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ ዐሥራ አራት ገጽ ነበር፤ ተከራክሬ በአንድ ወረቀት እንዲገባ ያሳጠርኩት እኔ ነኝ።

ስቴንስል ያልመታ ሰው ልፋቴን አያውቀውም። ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ነው፤ የታይፕራይተሩ ፊደል እየበሳው ይሄዳል፤ በኋላ ማባዣው ላይ ተወጥሮ ቀለሙ በቀዳዳው ያልፋል። አንድ ፊደል ከተሳሳታችሁ ቀይ ማረሚያ ቀብታችሁ፣ እፍ ብላችሁ አድርቃችሁ፣ እንደገና ነው። መምሬ ከጀርባዬ ቆመው ይጠብቃሉ። አንዷን ቃል መትቼ ሳልጨርስ ሌላ የተሻለች ቃል ይመጣላቸዋል። በዚያ ሁሉ ዓመት ትዕግሥት የተማርኩት ከስብከታቸው ሳይሆን ከማረሚያው ነው።

ማባዣው ደግሞ በአስተዳደር ኃላፊው ክፍል ተቆልፎበት ነበር። በዚያ ዘመን ማባዣ እንደ ጠመንጃ ነው፤ ያለ ፈቃድ አይነካም። ኃላፊው የመጀመሪያውን ስብከት ሁለት ቀን ይዘው አነበቡና የአብዮቱ መፈክር ከሌለበት ከዚህ ክፍል አይወጣም አሉ። መምሬ ስብከት የሚዘጋው በ«ወስብሐት ለእግዚአብሔር» መሆኑን፣ ይህንንም ሊለውጥ ሥልጣን ያለው ሲኖዶስ ብቻ መሆኑን አስረዱ። ኃላፊው ማባዣው የሲኖዶስ አይደለም አሉ። ክርክሩ አንድ ሳምንት ፈጀ። በመጨረሻ ወስብሐት ከላይ፣ መፈክሩ ከሥር እንዲሆን ተስማሙ። መምሬ የላይኛው የበላይ ነው ብለው ተደሰቱ፤ ኃላፊውም መዝጊያው የኛ ነው ብለው ተደሰቱ። ለሁለቱም የመታሁት እኔ ነኝ።

እንግዲህ «መልስ ቁጥር አንድ» በዚህ መልኩ ወጣ። ከሥሩ «ግልባጭ፦ ለደበላ ጉተማ» ይላል። ደበላ ግን ከመምሬ እጅ ወረቀት አልቀበልም አለ። ነገሩን የፈታው ባለ ሱቁ ሙሀመድአወል ነው። የወሎ ሰው ነው፤ የማንንም ነገር የማያባብስ። መምሬ የተረፈውን ወረቀት ለጥቅል ይሁንህ ብለው ሰጡት። የደበላ ሚስት አሰጋሽ ጨው ልትገዛ ስትሄድ ጨዉን በመልስ ቁጥር አንድ ጠቅልሎ ሰጣት። ደበላ ጨዉን ገልብጦ ወረቀቱን አነበበ። በሳምንቱ ያው ወረቀት ጀርባው በሰማያዊ እስክሪብቶ ግጥም ብሎ ተጽፎበት ሱቁ ደረሰ። በመጀመሪያው መስመር ላይ «የንስሐ ልጅዎ አይደለሁም» ይላል፤ ቀጥሎ «የት ተጽፏል?» ይላል፤ ከዚያ ይቀጥላል። መምሬ አንብበው፣ ጀርባውን በመነጽራቸው ሁለት ጊዜ መርምረው፣ ራሱ እንዲያስቀምጠው ብለው መለሱለት።

ከዚያ በኋላ የበሰቃ ሰው ጨውና አብሽ የሚገዛው ለወጡ ብቻ አልነበረም። ቁጥር ሦስት ስለ ጥምቀት ነው። ቁጥር አምስት ማን ማንን ይልካል የሚል ነው። ቁጥር ዘጠኝ ሙሉ በሙሉ የቁጥር ስምንት ጀርባ ላይ ለተጻፈው የተሰጠ መልስ ነው። ቁጥር ዐሥራ አንድ ላይ መምሬ ንዴታቸው ገንፍሎ ደበላን የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ አሉት። እኔ ይቅርብዎ ብዬ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከማባዣ የወጣማ እንዴት ይመለሳል? እሳቸው ግን «ምቺው» አሉኝ፤ መታሁት።

ቁጥር ዐሥራ አንድ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አብዮት ጠባቂዎች ደበላ ቤት ገቡ። የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤቶች ታሽገው ስለነበር በየቤቱ እየተሰበሰቡ እንደሚጸልዩ ይታወቃል። ሰዎቹ ሄደው ደበላን ብቻ አገኙት። መጽሐፍ ቅዱሱንና ትራሱ ሥር ያስቀመጣቸውን ዐሥራ አንድ ወረቀቶች ይዘው እሱን ቀበሌ ወሰዱት። ፊቱ የታተመ፣ ጀርባው በእጅ የተጻፈ ወረቀት በዚያ ዘመን ምን እንደሚመስል ለማንም መንገር አያስፈልግም። ከፈትል ክፍል ብቻ በወረቀት ሰበብ ተወስደው ያልተመለሱ ሁለት ሰዎች ነበሩ።

በሦስተኛው ቀን አሰጋሽ የምግብ ሰርቪሷን እንደያዘች ቢሮዬ መጣች። ዛሬ ምግቡን እንዳስገቡላትና ነገ ከቀበሌው በላይ ወዳለው ወደ ከፍተኛ እንደሚያልፍ እንደነገሯት አወራችኝ። አላለቀሰችም። ከፍተኛ ከሄደ ወዴት እንደሚያልፍ ሁለታችንም እናውቃለን። እሷ ከወጣች በኋላ የቀበሌው መልእክተኛ ደብዳቤ ይዞ መጣ፤ ቄስ ቀናውና ጽሑፉን የመታችው ታይፒስት ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት እንዲቀርቡ ይላል።

ፈራሁ። ፈራሁ ስላችሁ ሌሊቱን ሙሉ የታይፕራይተሩ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ጠዋት መምሬን ከቤታቸው ደጅ አገኘኋቸው። ጃንጥላቸውን ይዘዋል፤ በብብታቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሱም። መምሬ ዝም ሲሉ በሕይወቴ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ እሱ ደግሞ ከቀበሌው የባሰ አስፈራኝ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ቡልቻ ክፉ ሰው አይደለም። እሱም የሚፈራው አለው። ዐሥራ አንዱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ደርድሯቸዋል፤ አጠገባቸው አስቀድሞ የተዘጋጀ የምስክርነት ቃል አለ። ደበላ በሃይማኖት ሽፋን ፀረ አብዮት ቅስቀሳ ሲያካሂድ እንደነበር የሰፈሩ ካህን ያረጋግጣሉ ይላል። መምሬ ደስ ብሏቸው የሚፈርሙ መስሎታል። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ መስሎኛል። ሰባት ዓመት ሙሉ ሲያሳድዱት የኖሩት ሰው ተይዞ ቀረበላቸው።

ቡልቻ ቁጥር ዐሥራ አንድን አንሥቶ፣ ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት ወይ አላቸው። መምሬ ወረቀቱን ተቀብለው ከላይ እስከ ታች አነበቡትና እሳቸው መሆናቸውን፣ በሦስተኛው መስመር ያለው የፊደል ግድፈት ግን የእኔ መሆኑን ተናገሩ። ነፍሴ ልትወጣ ደርሳ እንኳ ተናደድኩ።

ቡልቻ እስክሪብቶውን አቀበላቸው። «ተኩላ ነው ብለውታል፤ እንግዲህ ይፈርሙና ይሂዱ» አላቸው።

መምሬ የምስክርነቱን ቃል እንደ ስቴንስል ረቂቅ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ጃንጥላቸውን ሲሚንቶው ላይ ተከሉ።

«እኔ መናፍቅ ነው ብያለሁ፤ ፀረ አብዮት አላልኩም» አሉ። «ፀረ አብዮት የናንተ ነው፣ መናፍቅ የኔ ነው። የናንተን እናንተ ፈልጉ፤ የኔን መልሱልኝ።»

ቡልቻ ግራ ገባው። ጴንጤ ማለት የርስዎም ጠላት አይደለም ወይ አላቸው። መምሬ ሰውን መናፍቅ ነው ብሎ የሚመረምረው፣ የሚገሥጸውና የሚያወግዘው ማን በምን ሥልጣን እንደሆነ ማስረዳት ጀመሩ። ከሐዋርያት ተነሡ። ሁለተኛው ጉባኤ ላይ ሲደርሱ ቡልቻ እጁን አነሣ። መምሬ ግን ቀጠሉ፤ ቀበሌ ስንዴ ሊያከፋፍል፣ ቤት ሊያከራይ፣ ዘበኛ ሊመድብ ይችላል፤ መናፍቅ ግን ሊይዝ አይችልም፤ ይህን ሥልጣን የሰጠው አዋጅ ካለ አሳየኝ አሉት። ልክ እንደ ደበላ «የት ተጽፏል?» ሊሉ አንድ ቃል ነበር የቀራቸው።

ቡልቻ ወረቀቱን ገለበጠው። እሱም ሞኝ አይደለም። በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈውን እያነበበ፣ ሰውዬው ራሱ የንስሐ ልጅዎ አይደለሁም ብሎ በፊርማው ጽፏል፤ ታዲያ በምን የርስዎ ይሆናል አላቸው።

መምሬ ጨርቁን ፈቱ። የንስሐ ልጆች መዝገባቸው ነው፤ ጠርዙ ያለቀ፣ በየገጹ የሰበካ ጉባኤው ክብ ማኅተም ያረፈበት። ገልጠው ጣታቸውን አንድ ስም ላይ አሳረፉ። ደበላ ጉተማ፣ ክርስትና ስሙ፣ የትዳር ጓደኛው፣ የገባበት ቀን። «የተሰናበተበት ቀን» የሚለው ዐምድ ባዶ ነው።

«ያላሰናበትኩት ልጅ ልጄ ነው» አሉ። «የተጣላኝ ልጅ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።»

ቡልቻ ማኅተሙን ትክ ብሎ አየው። በዚያ ዘመን ክብ ማኅተም ያለበትን ነገር ዝም ብሎ የሚያልፍ ሊቀመንበር የለም። ደበላን አምጡት አለ።

ደበላ ጢሙ አድጎ፣ ሸሚዙ ተጨማዶ ገባ። አሰጋሽ ሰርቪሷን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። መምሬንና እኔን ሲያይ ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ ፊት ለፊቱ ያየው ቁጥር ዐሥራ አንድን ነው። ቡልቻ፣ እኒህ ካህን የንስሐ አባትህ ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀው።

አዎ ቢል ይወጣል። አንዲት ቃል ናት። እኔ በልቤ በል፣ በል፣ አንድ ጊዜ ዋሽ፣ በኋላ ትጸልይበታለህ እያልኩ ነበር። አሰጋሽ ዓይኗን ጨፈነች። ደበላ ግን ደበላ ነው። ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዷን ቃል እያስቀመጠ፣ «ከሰባት ዓመት በፊት ያሰናብቱኝ ብያቸዋለሁ» አለ።

በቃ፣ አለቀ አልኩ። ቡልቻ ወደ እስክሪብቶው እጁን ዘረጋ።

መምሬ ወደ ደበላ ዞሩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ብለኸኛል። እኔስ አሰናበትኩህ? እውነቱን ተናገር» አሉት።

ደበላ መዝገቡ ላይ ያለውን ባዶ ዐምድ አየ። ሰውዬው ለሕይወቱም ቢሆን አይዋሽም፤ ለዚህች ጥያቄ ደግሞ መዋሸት አያስፈልገውም። እውነቱ ራሱ እንደሚያወጣው የገባው ግን አሁን ነው።

«አላሰናበቱኝም» አለ።

መምሬ መዝገቡን ዘጉ። ቡልቻ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ወደ ከፍተኛ የሚጽፈው ነገር አገኘ፤ ግለሰቡ የኦርቶዶክስ ካህን የንስሐ ልጅ መሆኑ በማኅተም ተረጋግጧል። መምሬ በምስክርነት ፈንታ በዋስነት ፈረሙ። ግዴታቸውም በየሳምንቱ ቅዳሜ ከቤቱ እየሄዱ እንዲቆጣጠሩትና እንዲመክሩት ነው። እኔን ደግሞ ቡልቻ ከማያገባኝ ጽሑፍ እጄን እንድሰበስብ አስጠነቀቀኝ። በልጆቼ ምዬ ቃል ገባሁለት። ያኔ ልጅ አልነበረኝም፤ ግን የምሬን ነበር።

ስንወጣ ደበላ ጥቂት እርምጃ እንደሄደ፣ መምሬ መዝገብዎ ግን ስህተት ነው አላቸው። አሰጋሽ ክንዱን ቆነጠጠችው።

«ለዚህም መልስ አለው» አሉ መምሬ፤ «መጀመሪያ ብላ።»

ባልና ሚስቱ ከተለዩን በኋላ እስከ ሙሀመድአወል ሱቅ አብረን ሄድን። በሰባት ዓመት ውስጥ ሰውዬው ያን ያህል ሲለምን ለምን አላሰናበቱትም ብዬ ጠየቅኳቸው። ጃንጥላቸውን የሚተክሉ መስሎኝ ነበር፤ አልተከሉም።

«አሰናብቼው ቢሆን ዛሬ ማን ነኝ ብዬ እሄድ ነበር?» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅሮ ነበር። እኔም ማየት አልቻልኩም፤ የሱቁን መስኮት አየሁ።

ከዚያ ወዲያ መምሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ደበላ ቤት ይሄዳሉ። ጃንጥላቸውን በሩ ላይ ያንጠለጥሉታል። አብዮት ጠባቂዎቹ ጃንጥላውን ሲያዩ ቁጥጥር ላይ ናቸው ብለው ያልፋሉ። ውስጥ ምን እንደሚደረግ አሰጋሽ በኋላ ነገረችኝ፤ የደበላ ሰዎች እንደ ድሮው ተሰብስበው ቀስ ብለው ይጸልያሉ፣ መምሬ ደግሞ ጥግ ተቀምጠው የሰሙትን ወረቀት ላይ ያሰፍራሉ። መምሬን እንዴት አብረዋቸው ይቀመጣሉ ብላቸው፣ ያልሰማሁትን እንዴት አድርጌ እመልሳለሁ አሉኝ።

ወር አልሞላም፤ መምሬ ቢሮዬ መጡ። ቁጥር ዐሥራ ሁለት ደርሷል አሉ። በቃኝ መምሬ፣ ምዬአለሁ አልኳቸው። አልተከራከሩኝም። ሁለት ጽሑፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ተቀመጡ።

አንዱ ቁጥር ዐሥራ አንድ ነው፤ ቀበሌው መልሶለታል። ጀርባው ላይ የነበረው ጽሑፍ ስላላለቀ ደበላ አዲስ ወረቀት ሰፍቶበታል። የአዲሱ ወረቀት የመጀመሪያ መስመር ግን ሌላ ነው። «የንስሐ ልጅዎ አይደለሁም» የሚለው የለም። «ላላሰናበቱኝ ለመምሬ ቀናው» ይላል፤ ከዚያ ሦስት ገጽ ሙሉ መምሬ ለምን እንደተሳሳቱ ያስረዳል። ሌላው የመምሬ ረቂቅ ነው። እንደ ልማዳቸው ዐሥራ አራት ገጽ ነው፣ እንደ ልማዳቸው አንድም ነጥብ አልለቀቁም። ተኩላ የሚለው ግን በቀይ ተሰርዞ ከላይ «ልጄ ደበላ» ተብሏል።

የአስተዳደር ኃላፊው በር ክፍት መሆኑን በመስኮቱ አየሁ። የቡልቻ ማስጠንቀቂያ ትዝ አለኝ። ሁለቱንም ጽሑፎች ደግሜ አነበብኳቸው።

ከዚያ ስቴንስሉን ከመሳቢያው አወጣሁ። መምሬ ተነሥተው ከጀርባዬ ቆሙ። በሦስተኛው መስመር እንድጠነቀቅ ነገሩኝ፤ ዝም ይበሉ አልኳቸውና «መልስ ቁጥር ዐሥራ ሁለት» ብዬ መምታት ጀመርኩ።